ከኪራዩ በፊት ርክክቡ

በቴሌግራምና በቲክቶክ የሐረና ቡናና ማር የሚሸጡ ልጆች ሥራው ሲሰፋላቸው ሮቤ ላይ መጋዘን ያለው ሰው ማፈላለግ ይጀምራሉ። ይህ የሚሆነው ሳሎኑ በካርቶን ሞልቶ እናት ማማረር ስትጀምር ነው። ደውለው የሚጠይቁኝ ያው ነው፦ «በወር ስንት ነው?» እኔም «በወር ስንት ትልካላችሁ?» እላቸዋለሁ። በሳምንት አንድ ሁለት ካርቶን የሚልክ ሰው አልጋው ሥር ቢያስቀምጠው ይሻለዋል። ይህን ስል ቅር የሚላቸው አሉ፤ ገበያ የሚጠላ ነጋዴ መስዬ ነው መሰለኝ።

ክፍሉ ርካሽ ነው። የሚያስከፍለው ዕቃውን መረከቡ፣ መቁጠሩ፣ ማሸጉ፣ ትእዛዝ ሲመጣ መኪና ላይ መጫኑ ነው። በመንግሥት ንብረት ክፍል የሠራ ሰው ሞዴል 19ንና ሞዴል 22ን ያውቃል፤ በአንዱ ይገባል፣ በሌላው ይወጣል፣ ቀሪው ቢን ካርድ ላይ ይሰፍራል። ቢሮክራሲ ነው ብለን ስንስቅበት የኖርነው አሠራር ነው። ዛሬ በኦንላይን ንግድ የማየው ጭቅጭቅ ግን አብዛኛው ያችን ወረቀት ከመናቅ የመጣ ነው። ሻጩ «አለ» ብሎ ይለጥፋል፣ ብሩ በቴሌብር ይገባል፣ መደርደሪያው ባዶ ነው።

የባሌ ዕቃ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ከደሎ መና ተነሥቶ በሪራ፣ በሳነቴ በኩል ጎባ የሚገባው ማር ከቆላው ሲወጣ ቀጭን ነው፤ ሮቤ ብርድ ውስጥ ሲሰነብት ይረጋል፣ ነጣ ይላል። አዲስ አበባ ያለው ገዢ ክዳኑን ከፍቶ «ስኳር ነው» ይላል። አንዷ ሻጭ ደውላ፣ «ጋሼ፣ ገንዘባችንን መልሺ እያሉኝ ነው፤ ምን ቀላቀላችሁበት?» አለችኝ። ምንም አልተቀላቀለበትም። ዕቃውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ማቆየት ነው መፍትሔው፤ ከፈላ ግን መዓዛው ይሄዳል። አሁን ይህንኑ በአጭሩ ጽፈን እያንዳንዱ ክዳን ላይ እንለጥፋለን፤ ስሞታውም ቀንሷል። ቡና በበኩሉ ሽታ ይስባል። ከሳሙና ወይም ከበርበሬ ጋር ካደረ ሲቆላ ይናገራል። ከግድግዳ ራቅ አድርጎ እንጨት ርብራብ ላይ መደርደር ያስፈልገዋል። ስለዚህ መጋዘን ልትከራዩ ስትመጡ ስፋቱን ከመለካታችሁ በፊት አጠገቡ ምን እንደተከመረ ጠይቁ።

ወደዚህ የሚመጣም አለ። የአዲስ አበባ ሻጮች ጫማና የስልክ ዕቃ በጅምላ ወደ ሮቤ ይልኩና እኛ ወደ ጎሮ፣ ወደ ጊኒር፣ ወደ ሶፍ ዑመር እናከፋፍላለን። የወይብ ወንዝ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ የቦረቦረበትን ሶፍ ዑመርን ቱሪስቱ ሁሉ ያውቀዋል፤ የቤት ቁጥር ጻፉልኝ ብትሉ ግን የሚጽፍላችሁ የለም። አድራሻው ስልክ ቁጥር ነው። በወፍራም ማርከር በሁለት ጎን ይጻፋል፣ ጥቅሉ ለረዳቱ ይሰጣል፣ ከነታርጋው ፎቶ ይነሣል። ፎቶው፣ የሹፌሩ ስልክና የመነሻ ሰዓቱ ለተቀባዩ ይላካል፤ እሱም መንገድ ዳር ወጥቶ ይጠብቃል። የትኛውም አፕ ይህን ሲያሻሽለው አላየሁም።

ያቺ ፎቶ ሌላም ሥራ አላት። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራና ስለ መጋዘን ውል ቢደነግግም፣ ከደንበኞቼ ጋር የምስማማው ከዚያ በጠበበ ቋንቋ ነው፦ ፎቶው እስኪነሣ የጠፋው የእኔ፣ ከዚያ በኋላ ያለው የሻጩ። በዲንሾ፣ በአዳባ፣ በዶዶላ አድርጎ አዲስ አበባ እስኪገባ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የብርጭቆ ዕቃ አይመቸውም። ሻጮቹ ግን ብርጭቆ ይወዳሉ፣ ለቪዲዮ ያምራል ይላሉ። እንግዲያው የስብራቱን ዋጋ እናንተ እንደምትሸፍኑ ውሉ ላይ እንጻፍ እላለሁ። ብዙዎቹ በሚቀጥለው ጭነት ፕላስቲክ ይልካሉ።