የወባን ቢምቢ ከሌላው ለይቶ ስለማወቅ

ወባ በብዙ ቦታ የሚበረታው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ሰብል በሚደርስበትና ጉልበት በሚፈለግበት ወቅት ነው። ስለዚህ ገበሬው ጠላቱን በመልኩ እንዲያውቀው ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ቢምቢ ሁሉ ወባ አያስተላልፍም። ወንዱ ደም አይመጥም፤ የምትነክሰው ሴቷ ናት። የወባዋ ቢምቢ አኖፌለስ ትባላለች። ግድግዳ ላይ ስታርፍ ራሷን ደፍታ ጅራቷን ወደ ላይ ትቀስራለች። ኩሌክስ የምትባለው ግን ሰውነቷን ከግድግዳው ጋር አስተካክላ ታርፋለች። ጥቁር ሆና ነጭ ነጠብጣብ ያላት ኤደስ ወባ ባታስተላልፍም የደንጊን ትኩሳት ታስተላልፋለች።

እጩን ለመለየት ከቦይ ዳር የረጋ ውሃ በነጭ ሳህን ቀድተን እንመልከት። የአኖፌለስ እጭ በውሃው ገጽ ላይ ይጋደማል፤ የኩሌክስ እጭ ግን ራሱን ቁልቁል ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል።

እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ በበርሜልና በጋን ውሃም ትራባለች። ስለዚህ የውሃ ዕቃ ሁሉ ይከደን። እጩ ክንፍ ከማውጣቱ በፊት የረጋውን ውሃ በየሳምንቱ ማፋሰስ፣ ማታም በአጎበር ውስጥ መተኛት ይገባል። ትኩሳት የያዘው ሰው ግን የቢምቢዋን ዓይነት ሳይመራመር ዕለቱን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ እንመክራለን።