የሥራ ቦታ መካሪና የሠራተኛው ደኅንነት

ከሚኒያፖሊስ በስተደቡብ የምትገኘው ብሉሚንግተን በአጠገቧ ባለው ዓለም አቀፍ የአውሮፕላን ማረፊያና እ.ኤ.አ. በ1992 በተከፈተው ሞል ኦፍ አሜሪካ ምክንያት የሆቴልና የመስተንግዶ ሥራ የተስፋፋባት ከተማ ናት። በዚህ ዓይነት ሥራ የሚሰማራ ወገናችን ብዙውን ጊዜ የሚቀጠረው ቀድሞ በገባ ያገር ልጅ አማካይነት ነው። ይህ ያገር ልጅ ለአዲሱ ሠራተኛ ከእንጀራው ሌላ ምን ይሰጠዋል? በምንስ ሊጎዳው ይችላል? የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህንን ማብራራት ነው።

ካቲ ክራም የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍ የመካሪን ተግባር በሁለት ከፍለው ያዩታል። አንደኛው የሥራ ዕድገትን ይመለከታል፤ ይኸውም ማሠልጠን፣ ከበላዮች ጋር ማስተዋወቅና ከጉዳት መከላከል ነው። ሁለተኛው ሥነ ልቡናዊና ማኅበራዊ ነው፤ አርአያ መሆንን፣ ሰውን በማንነቱ መቀበልን፣ ጭንቀቱን ማድመጥንና ወዳጅነትን ያጠቃልላል። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በቅኔ ቤት መምህሩን የሚያግዘው አስነጋሪ ጀማሪውን ተማሪ ሲያለማምድ ኖሯል።

ባገሩ መምህር የነበረ ሰው ዛሬ የሆቴል አልጋ ሲያነጥፍ፣ የአነጣጠፉን ስልት ለመልመድ ጥቂት ቀናት ይበቁታል። የሚከብደው ሌላው ነው። አለቃው ሲናገረው በአክብሮት አንገቱን ደፍቶ ዝም ቢል፣ ዝምታው እንዳልገባው ወይም ጥፋት እንደሸሸገ ተደርጎ ሊተረጎምበት ይችላል። ሲታመምም ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ፈቃድ ሳይጠይቅ ይውላል። እንዲህ ያለውን ስጋት የሚያቀልለት፣ ክብሩም ከሥራው ጋር አብሮ እንዳልወረደ የሚያስታውሰው፣ ያንኑ መንገድ ያለፈ መካሪ ነው።

ይሁን እንጂ የመካሪን ጥቅም ማጋነን አይገባም። ሊሊያን ኢቢና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2008 በርካታ ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፣ ጥቅሙ በብዙ ረገድ የሚታይ ቢሆንም መጠኑ በአመዛኙ አነስተኛ መሆኑን አሳይተዋል። ቤል ሮዝ ራጊንስና ተባባሪዎቻቸውም እ.ኤ.አ. በ2000 እንዳስረዱት፣ በመካሪያቸው ያልረኩ ሠራተኞች ለሥራቸው ያላቸው ስሜት ጭራሹን መካሪ ከሌላቸው ሠራተኞች ስሜት የተሻለ አልነበረም።

በእኛ ዘንድ ደግሞ ይሉኝታ አለ። ያስቀጠረው ሰው የሥራ ሰዓት መዳቢም ሲሆን፣ ተመካሪው የበዓሉን ሌሊት ፈረቃ እምቢ ለማለትም ሆነ ድካሙን ለመግለጽ ይቸገራል። ውለታው ዕዳ ይሆንበታል። ስለዚህ የሚያስቀጥረውና የሚያዝዘው ሰው ሌላ፣ የሚያደምጠው ሰው ሌላ ቢሆን እንመርጣለን። የመረዳጃ ማኅበሮቻችንም አዲስ ገቢውን በሌላ መሥሪያ ቤት ከሚሠራ የቆየ ሰው ጋር ቢያገናኙት፣ ያለ ፍርሃት የሚናገርበት ጆሮ ያገኛል።