የሕግ ትምህርት ቤት ስንመርጥ፦ ክፍያው ወይስ የነገው ሥራ?

የዩኒቨርሲቲ ምርጫ በሚሞላበት ሰሞን «ሕግ ነው የምማረው» የሚል ልጅ ባለበት ቤት ሁሉ ክርክር ይነሳል። አባት ወጪውን ያያል፤ ልጅ የትምህርት ቤቱን ስም ያያል። እኛ መምህራን ግን ሁለቱ አንድ ላይ ይታዩ እንላለን። ለታላቁ የሚወጣው ገንዘብ የታናናሾቹም ድርሻ ነውና።

በመጀመሪያ የአንድ ዓመት ክፍያ ሳይሆን የአምስቱ ዓመት ድምር ይሰላ። በመደበኛው ፕሮግራም የሕግ ዲግሪ አምስት ዓመት ይፈጃል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በወጪ መጋራት የሚማር ተማሪ ውል ይፈርማል፤ ዕዳውንም ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ስለዚህ «ነፃ ነው» አይባልም። ከቤት ርቆ ተከራይቶ የሚማር ደግሞ፣ ለምሳሌ በወር 3,000 ብር ቢያወጣ፣ በዓመት አሥር ወር ብንይዝ በአምስት ዓመት 150,000 ብር ይሆናል። የማታው ትምህርት ቀን ሠርቶ ለመማር ያስችላል፤ ግን ዓመቱ ይረዝማል። እሱም ይታሰብ።

ሁለተኛው የመውጫ ፈተና ነው። ይህ ፈተና በ2015 ዓ.ም ለአብዛኞቹ የትምህርት መስኮች ከመዳረሱ በፊት የሕግ ተማሪዎች ይፈተኑት ነበር። እንግዲያው ትምህርት ቤቱን «ባለፉት ሦስት ዓመታት ስንት ተፈትነው ስንት አለፉ?» ብላችሁ ጠይቁ። የግል ተቋም ከሆነ ዕውቅናው ለሕግ ትምህርቱ ጭምር መሆኑን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ዲግሪ ብቻውን ጠበቃ አያደርግም፤ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ለመቆም በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 መሠረት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ሥራው የት ነው የሚለው ነው። የሕግ ምሩቅ ዳኛ፣ ዐቃቤ ሕግ፣ ጠበቃ፣ የባንክ ወይም የኢንሹራንስ የሕግ አማካሪ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በአማርኛ፣ የኦሮሚያው በኦሮምኛ፣ የሶማሌ ክልሉ በሶማሊኛ ይሠራሉ። ጂማ ወይም ጅግጅጋ ተመልሶ መሥራት የሚሻ ወጣት በ1956 ዓ.ም የተከፈተውን የአዲስ አበባውን አንጋፋ ትምህርት ቤት በስሙ ብቻ ከሚመርጥ፣ ቋንቋውንና የክልሉን ሕግ የሚለማመድበትን ቢመዝን ይበጀዋል። ተማሪዎች ለድሆች ነፃ የሕግ ምክር የሚሰጡበት ማዕከል ያለውም ይመረጣል፤ ሥራ የሚለመደው እዚያ ነውና።

በመድረሳ ፊቅህ የቀራችሁ ወጣቶችም እውቀታችሁን አትናቁ። በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ተከራካሪዎቹ ፈቅደው ሲቀርቡ የኒካሕ፣ የፍቺ፣ የቀለብ፣ የውርስና የወቅፍ ጉዳዮችን ያያሉ። ሁለቱንም ሕግ የሚያውቅ ባለሙያ በዚያ ለባለጉዳዮች ትልቅ እርዳታ ነው።

በመጨረሻም ለሴት ልጃችሁ ስትመርጡ ቅርበትን ብቻ መለኪያ አታድርጉ። ወጪው፣ ፈተናውና የሥራው ቦታ ለእሷም እንደ ወንድሟ ይመዘንላት። ቅጹ ሳይሞላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ ቁጥሮቹን በወረቀት ያስፍር፤ የልጁም የልጅቷም ቃል ይሰማ።