ማን መረጠልን? የሊኑክስ ስርጭቶችና ነባሪ ምርጫዎቻቸው

አዲስ የተዘጋጀ ኮምፒውተር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት ብዙ ነገር አስቀድሞ ተወስኖ ይጠብቀናል። ድረ ገጽ የምናይበት፣ ጽሑፍ የምንጽፍበትና ሙዚቃ የምናዳምጥበት ፕሮግራም፣ የቁልፍ ሰሌዳው ቋንቋ፣ የሰዓቱ አቆጣጠር፣ ከጀርባ የሚታየው ሥዕል ሳይቀር በሌላ ሰው ተመርጧል። ባለሙያዎች ዲፎልት፣ በአማርኛ ደግሞ ነባሪ ምርጫ የሚሉት ይህንን ነው፤ ተጠቃሚው ሌላ እስካላዘዘ ድረስ ጸንቶ የሚቆይ ውሳኔ ማለት ነው። በዚህ ጽሑፍ እንዲህ ያሉ ውሳኔዎች በምን መመዘኛ እንደሚወሰኑና ለእኛ ምን ትርጉም እንዳላቸው በሊኑክስ ምሳሌነት እንመለከታለን።

ሊኑክስን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ሊኑስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው ሊኑክስ የኦፕሬቲንግ ሲስተም እምብርት፣ ማለትም ከርነል ብቻ ነው። ወደ ተጠቃሚው እጅ የሚደርሰው ከሌሎች በርካታ ነጻ ፕሮግራሞች ጋር ተሰናድቶ ነው፤ ይህ ስብስብ ስርጭት ወይም ዲስትሪቢዩሽን ይባላል። ፈቃዱ ማንም ሰው ነባሩን ስርጭት አሻሽሎ የራሱን እንዲያዘጋጅ ስለሚፈቅድ የመምረጥ ሥልጣኑ በአንድ ኩባንያ እጅ አልተያዘም። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረው ዴቢያን በ2023 ባወጣው 12ኛ ዕትሙ ከ64 ሺህ በላይ የሶፍትዌር ጥቅሎችን ይዞ ነበር። ስርጭት የሚያዘጋጅ ሰው እንግዲህ ከዚህ ሁሉ መካከል ተጠቃሚው በመጀመሪያው ቀን የሚያገኛቸውን ጥቂቶች መለየት ይኖርበታል።

ነባሪ ምርጫ ኃይሉ ከየት መጣ?

«የማይስማማኝ ከሆነ እቀይረዋለሁ» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይሁን እንጂ አብዛኛው ሰው አይቀይርም። ኤሪክ ጆንሰንና ዳንኤል ጎልድስታይን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2003 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ያሳተሙት ጥናት ይህንን ከኮምፒውተር ውጭ ባለ ጉዳይ ያሳያል። ጀርመንና ኦስትሪያ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ቋንቋቸውም አንድ ነው። ጥናቱ በተደረገበት ጊዜ በጀርመን አንድ ሰው ሲሞት የአካል ክፍሉን ለመለገስ በሕይወት ሳለ ፈቃዱን መግለጽ ነበረበት። በኦስትሪያ ግን እምቢታውን ያላስመዘገበ ሁሉ እንደ ፈቀደ ይቆጠር ነበር። ፈቃደኛ ሆነው የተቆጠሩት በጀርመን 12 በመቶ፣ በኦስትሪያ 99.98 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ በሕዝቦቹ ደግነት ብቻ የሚገለጽ አይደለም፤ ዝም ያለ ሰው ዝምታው እንዴት እንደሚተረጎም ከተወሰነው ውሳኔም የመጣ ነው። በኮምፒውተር ላይም እንዲሁ ነው፤ ነባሪውን የሚመርጠው ሰው ዝም ስለሚሉት ሁሉ ይወስናል።

በአንድ ሲዲ ምን ይገባል?

በዴቢያን ላይ ተመሥርቶ የተሠራው ኡቡንቱ የመጀመሪያ ዕትሙን 4.10ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2004 ነበር። አዘጋጆቹ ለራሳቸው ያበጁት ገደብ ግልጽ ነበር፤ ሁሉም ነገር 700 ሜጋባይት በሚይዝ በአንድ ሲዲ መግባት አለበት። በዚያን ጊዜ ይህ ገደብ ለብዙዎች ምን ማለት እንደነበር በስሌት እንየው። 56 ኪሎቢት በሰከንድ በሚያስተላልፍ የስልክ መስመር 700 ሜጋባይት ለማውረድ፣ መስመሩ ለአፍታ እንኳ ሳይቋረጥ፣ 29 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የኡቡንቱ አሳታሚ ካኖኒካል እስከ 2011 ድረስ ሲዲዎችን በፖስታ ያለ ክፍያ ይልክ የነበረውም ስለዚህ ነው።

ቦታው ጠባብ ስለነበር ለአንድ ተግባር አንድ ፕሮግራም የሚል መርሕ ተያዘ፤ አንድ ድረ ገጽ ማሳያ፣ አንድ የቢሮ ሥራ ስብስብ፣ አንድ ሙዚቃ ማጫወቻ። በ2010 የወጣው 10.04 ጊምፕ የተባለውን የታወቀ የምስል ማረሚያ ፕሮግራም ከሲዲው አስወጣ። የጊምፕ ችሎታ አላነሰም፤ ለአብዛኛው ተጠቃሚ ከሚያስፈልገው በላይ የረቀቀና ቦታ የሚሻማ ሆኖ ተገኘ እንጂ። የፈለገው ሰው ከኢንተርኔት ሊጭነው ይችል ነበር። እዚህ ላይ አንባብያን «ከኢንተርኔት» የሚለውን ቃል ልብ እንዲሉ እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ኡቡንቱ በ2012 በወጣው 12.10 የሲዲውን ገደብ አለፈ። ቦታ ሲሰፋ ግን ጥያቄው አልቀረም። እያንዳንዱ የተጨመረ ፕሮግራም ስሕተቱ የሚታረምለት፣ የደኅንነት ቀዳዳው የሚደፈንለት መሆን አለበት። ኡቡንቱ ረጅም ድጋፍ ለሚሰጣቸው ዕትሞች የአምስት ዓመት ዝማኔ ቃል ስለሚገባ፣ ተንከባካቢ የሌለው ፕሮግራም ዛሬ የቱንም ያህል ቢያምር ነገ ዕዳ ይሆናል። በ2023 የወጣው 23.10 ራሱ ወደ ጥቂት ፕሮግራሞች ተመልሷል፤ ሙሉውን ስብስብ የሚፈልግ ተጠቃሚ ሲጭን እንዲመርጥ ተደርጓል።

ሕግና ምቾት ሲጋጩ

አንዳንድ ጊዜ ጠቃሚ መሆኑ የታወቀ ነገር እንኳ ሳይካተት ይቀራል። በ2000ዎቹ ዓመታት አብዛኛው ሙዚቃ የሚቀመጠው ኤምፒ3 በተባለው ቅርጸት ቢሆንም ኡቡንቱ ቅርጸቱን የሚፈታውን ኮዴክ በሲዲው ላይ አላስቀመጠም፤ ቴክኖሎጂው በፓተንት የተጠበቀ ነበርና። በ2006 የተጀመረው ሊኑክስ ሚንት ኮዴኮቹን አብሮ በማቅረቡ ብዙ ወዳጅ አፈራ። ሆኖም ሚንት ራሱ በ2016 በወጣው 18ኛ ዕትሙ ኮዴኮቹን ከዲስኩ አውጥቶ ሲጫን በምርጫ የሚጨመሩ አደረጋቸው። የኤምፒ3 የፓተንት ፈቃድ ሽያጭ በ2017 አበቃ።

በሩ ክፍት ነው ወይስ ዝግ?

የደኅንነት ጉዳይ ከሁሉም ይበልጥ በነባሪ ምርጫ ላይ ይደገፋል። ኡቡንቱ ከመጀመሪያው ጀምሮ ኮምፒውተሩ ከውጭ ለሚመጣ ግንኙነት ክፍት በር እንዳይኖረው፣ ሙሉ ሥልጣን ያለው የ«ሩት» መለያም በይለፍ ቃል እንዳይገባበት አድርጎ መነሣቱ በመልካም ምሳሌነት ይጠቀሳል። ስለ አደጋው ምንም የማያውቅ ተጠቃሚ ሳያውቀው ይጠበቃል።

ተቃራኒው ምሳሌም የመጣው ከዚያው ስርጭት ነው። በ12.10 ተጠቃሚው በራሱ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ወይም ፕሮግራም ለመፈለግ የጻፈው ቃል ወደ ካኖኒካል ሰርቨር እየተላከ ከአማዞን የሚሸጡ ዕቃዎች አብረው ይታዩ ጀመር። ማጥፋት ይቻል ነበር፤ ነባሪው ግን «ይላክ» የሚል ነበር። ሪቻርድ ስቶልማንን ጨምሮ ብዙዎች አጥብቀው ተቃወሙ። በ2016 በወጣው 16.04 ነባሪው ተገለበጠ፤ ካልፈቀዱ በቀር አይላክም ተባለ። ዴቢያን በበኩሉ የትኞቹ ጥቅሎች እንደሚዘወተሩ ለማወቅ የሚሰበስበውን መረጃ ተጠቃሚውን ጠይቆ ብቻ ይወስዳል፤ ቀድሞ የተቀመጠው መልስም «አይ» የሚል ነው። በዚህም ምክንያት የሚሰበስበው አኃዝ ሁሉንም ተጠቃሚ አይወክልም። አዘጋጆቹ ግን ያልተሟላ መረጃን ካልተፈቀደ መረጃ መርጠዋል።

ለትምህርት ቤታችን ብናዘጋጅ

አሁን ጉዳዩን ወደ ራሳችን እናምጣው። ኢንተርኔት ለሌለው የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍል ስርጭት እናሰናዳ እንበል። ማሽኖቹ አሮጌዎች፣ ተማሪዎቹ ብዙ ናቸው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ፊደል ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ቦታ አግኝቷል፤ ዛሬ በተለመደው ዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ሆሄ በሦስት ባይት ይቀመጣል። ነገር ግን ኮዱ መኖሩ ብቻውን ለማንበብ አያበቃም። ፎንቱ ካልተጫነ ተማሪው የሚያየው ባዶ ሣጥን ነው፤ የአጻጻፍ ዘዴው ካልተዘጋጀ ደግሞ ያነበበውን መጻፍ አይችልም። እንደ አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል. ያለ ነጻ ፎንት የሚወስደው ቦታ ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም። ስለዚህ ከጊምፕ በተለየ መልኩ ይህን ለመተው የቦታ ጥበትን ምክንያት ማድረግ አይቻልም።

ሁለተኛው ሰዓት ነው። ዊንዶውስና ሊኑክስ በአንድ ማሽን ላይ ጎን ለጎን ሲኖሩ፣ ዊንዶውስ በማሽኑ ውስጥ ያለውን ሰዓት እንደ አገር ውስጥ ሰዓት፣ ሊኑክስ ደግሞ እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት ያነበዋል። በኢትዮጵያ ልዩነቱ ሦስት ሰዓት ነው። ማሽኑ አልተበላሸም፤ ሁለት ነባሪ ምርጫዎች ተጋጭተዋል። አዘጋጁ አስቀድሞ ካስማማቸው ችግሩ አይታይም።

ሦስተኛው ጥያቄ የገጽታው ክብደት ነው፤ ማህደረ ትውስታቸው አነስተኛ ለሆነ ማሽኖች እንደ ኤክስኤፍሲኢ ያለ ቀላል ገጽታ ይሻላል። አራተኛው የእርዳታ ጽሑፍ ነው። የፕሮግራሞቹ መመሪያ፣ ቢቻልም ያለ ኢንተርኔት ውክፔዲያን የሚያስነብበው ኪዊክስ፣ በዲስኩ ላይ መኖር አለባቸው።

ወደ ተውነው ቃል እንመለስ። «የፈለገ ከኢንተርኔት ይጭነዋል» የሚለው መልስ የሚሠራው መስመር ላለው ሰው ነው። መስመር በሌለበት ክፍል ውስጥ ነባሪ ምርጫ መነሻ መሆኑ ቀርቶ የመጨረሻ ቃል ይሆናል፤ ያልተካተተው ነገር ለዚያ ተማሪ የለም ማለት ነው። የሊኑክስ ስርጭቶች ነጻ ፈቃድ ለእኛ ያለው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ይመስለናል፤ ውሳኔውን ችግሩን በቅርብ የሚያውቀው ሰው እንደገና ሊወስነው ይችላል።

ስርጭት ለማዘጋጀት የምታስቡ ተማሪዎች ከእያንዳንዱ ምርጫ ጎን ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ለማን ተመረጠ? ማን ይንከባከበዋል? ተጠቃሚው ሳያውቅ ምን ያደርጋል? ቀጥሎም ስለ ኮምፒውተር ብዙም የማያውቅ አንድ የክፍል ጓደኛችሁ ያለ መስመር ለአንድ ቀን እንዲሠራበት አድርጉ። የሚጠይቃችሁን ሁሉ መዝግቡ፤ የሚቀጥለው ዕትም ሥራ የሚጀምረው ከዚያ ዝርዝር ነው።