በመኪና የፊት መስታወት ላይ ስለምትወጣ ትንሽ ስንጥቅ፤ ራሳችን እንጠግናት ወይስ ለባለ ሙያ እንስጣት?

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለው የአባቶቻችን ምክር ስለ እሳት ብቻ የተነገረ አይደለም። በሰኔ ያልተደፈነች የጣራ ቀዳዳ በነሐሴ ግድግዳውን ታበሰብሳለች፤ በጊዜው ያልተሰፋች ቅዳጅም ነጠላውን ሁሉ ታበላሻለች። እንደዚሁም ከመንገድ ላይ የፈናጠረ አንድ ጠጠር በመኪና የፊት መስታወት ላይ የሚተዋት፥ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ ቍስል፥ ቸል ከተባለች በአንድ ሌሊት ከዳር እስከ ዳር የሚዘረጋ ስንጥቅ ልትሆን ትችላለች። በዛሬው ጽሑፋችን እንዲህ ያለችውን ቍስል ባለቤቱ ራሱ ሊጠግናት የሚችለው መቼ እንደ ሆነ፥ ለባለ ሙያ መተው የሚገባውም መቼ እንደ ሆነ ለቤተሰብ በሚጠቅም መንገድ እንመለከታለን።

ስለዚህ ጕዳይ ስናስብ በተለይ የደባርቅን፥ የዳባትንና የስሜንን ግርጌ ነዋሪዎች በዐይነ ኅሊናችን እንመለከታለን። ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል ወደ ደባርቅ የሚወጣው መንገድ ለብዙ ቤተሰብ የኑሮ ደም ሥር ነው። ከደባርቅ በኋላ አንዱ መንገድ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል፤ ይህም በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ውስጥ፥ ጣሊያኖች ያስጠረቡት ነው። ሌላው ደግሞ ወደ ሳንቃ በርና ወደ ጨነቅ፥ ከዚያም በቧሂት ተራራ በኩል ወደ ጃናሞራ ይዘልቃል። በዚሁ በጃናሞራ ዐፄ ቴዎድሮስ በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ቅብዐ መንግሥት የተቀበሉባት የደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ትገኛለች። በነዚህ መንገዶች በሽተኛው ወደ ጎንደር ሆስፒታል፥ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤቱ፥ ምእመኑ ወደ ንግሥ በዓል፥ ነጋዴውም ወደ ገበያው ይጓዛል። በሊማሊሞ ጥምዝ ላይ መሪ የያዘ ሰው ከፊቱ ያለውን መንገድ አጥርቶ ማየት ካልቻለ፥ ከኋላው የተቀመጡት ነፍሶች ሁሉ በአደጋ ላይ ናቸው።

የፊት መስታወት ምን ዓይነት መስታወት ነው?

የመኪና የፊት መስታወት እንደ ቤት መስኮት መስታወት አንድ ገበታ አይደለም። ሁለት ስስ መስታወቶች በመካከላቸው ግልጽ የሆነ የፕላስቲክ ሽፋን ተደርጎ በሙቀትና በግፊት የተጣበቁ ናቸው። እያንዳንዱ መስታወት ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ሲኖረው፥ በመካከል ያለው ፕላስቲክ ከአንድ ሚሊ ሜትር ያንሳል። ይህን ሐሳብ ያገኘው ኤድዋር ቤኔዲክቱስ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅና ሠዓሊ ነው። እንደሚተረከው እ.ኤ.አ. በ1903 አንድ የመስታወት ጠርሙስ ከመደርደሪያ ወድቆ ተሰነጠቀ እንጂ አልተበታተነም፤ ቢመረምረውም ከውስጡ ደርቆ የቀረ የፕላስቲክ ዓይነት ሽፋን ስብርባሪውን አያይዞ አገኘው። በ1909 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ።

ስለዚህ ጠጠር ሲመታው አብዛኛውን ጊዜ የሚቈስለው የውጭው መስታወት ብቻ ነው፤ ፕላስቲኩና የውስጡ መስታወት ደኅና ይቀራሉ። ጥገና የሚቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የጎኑ መስኮቶች ግን ብዙውን ጊዜ በእሳት ተግለው በድንገት እንዲቀዘቅዙ የተደረጉ ናቸው፤ ሲመቱ በአንድ ጊዜ እንደ ጨው ፍርክስ ስለሚሉ መለወጥ እንጂ መጠገን የለባቸውም። አንዳንድ አሮጌ መኪኖች የፊታቸው መስታወት እንኳ ከዚህ ዓይነት የተሠራ ነውና በመስታወቱ ጥግ የታተመውን ምልክት ማስመርመር ያስፈልጋል።

ቍስሉ የሚመጣውና የሚሰፋው እንዴት ነው?

በጠጠር መንገድ ላይ የሚሄድ የጭነት መኪና በጥንድ የኋላ ጎማዎቹ መካከል ድንጋይ ይነክሳል፤ ፍጥነት በጨመረ ጊዜም ወደ ኋላ ይወረውረዋል። እንግዲህ ከአይሱዙ ወይም ከሌላ የጭነት መኪና ኋላ ተጠግቶ መንዳት መስታወትን ለድንጋይ ማቅረብ ነው። የመንገድ ዳር እረኞችም በጨዋታ ወይም በወንጭፍ የሚወረውሩት ድንጋይ መስታወት ይሰብራል፤ ሰውንም ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸው ወደ መኪና ድንጋይ እንዳይወረውሩ አጥብቀው ሊያስተምሩ ይገባል።

አንድ ጊዜ የተሸረፈ መስታወት እንዲሰነጠቅ የሚያደርገው ደግሞ የሙቀትና የብርድ መለዋወጥ፥ የመንገዱ ንቅናቄ፥ በስንጥቁ ውስጥ የገባው ውኃም ነው። በዚህ ረገድ የስሜን አገር እጅግ አስቸጋሪ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ በደጋው ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ቀኑ ግን ፀሓይ ይበረታበታል። ማለዳ ከደባርቅ የተነሣ መኪና ሊማሊሞን ወርዶ ከጥቂት ሰዓት በኋላ በዛሪማ ሙቀት ውስጥ ይገኛል። መስታወት ሲሞቅ ይለጠጣል፥ ሲበርድ ይኰማተራል፤ ያቺ ትንሽ ቍስልም በዚህ መለጠጥና መኰማተር መካከል ትሰፋለች። አንዳንድ አሽከርካሪ ማለዳ በመስታወቱ ላይ ያደረውን ውርጭ ለማቅለጥ የፈላ ውኃ ያፈስበታል፤ ይህ ደኅናውን መስታወት እንኳ የሚያሰነጥቅ ክፉ ልማድ ነው። ሞተሩን አስነሥቶ በቀስታ ማሞቅና በጨርቅ ማስለቀቅ ይሻላል።

የጥገናው ጥበብ

ቍስሉ ነጭ ወይም ጥቁር ሆኖ የሚታየን በስንጥቁ ውስጥ አየር ስለ ገባ ነው። ጥገና ማለት አየሩን አውጥቶ በቦታው ብርሃንን እንደ መስታወት የሚያስተላልፍ ቀጭን ፈሳሽ ሙጫ ማስገባት ነው። ሙጫው የሚደርቀው በአየር ሳይሆን በፀሓይ ውስጥ ባለው፥ በዐይን በማይታየው ጨረር ነው። ደርቆ ሲጸና ስንጥቁን ያስራል፤ እንዳይሰፋም ይከለክለዋል። ይሁን እንጂ ጥቂት ምልክት መቅረቱ አይቀርም፤ ጥገናው የሚፈለገው ለኀይልና ለደኅንነት እንጂ ለጌጥ አይደለምና።

ባለቤቱ ራሱ ሊሠራው የሚችለው

እጀ ጠንቃቃ የሆነ ሰው ለዚህ ሥራ የተዘጋጀውን ሙጫና የመክተቻ መሣሪያ ካገኘ፥ የሚከተሉት አራት ነገሮች በአንድነት ሲሟሉ ሥራውን ሊሞክር ይችላል። አንደኛ፥ ቍስሉ የአንድ ብር ሳንቲም ሊሸፍነው የሚችል ሲሆን፤ ሁለተኛ፥ ረጅም ስንጥቅ ያልተከተለው ሲሆን፤ ሦስተኛ፥ በአሽከርካሪው ዐይን ፊት ለፊት ያልሆነና ከመስታወቱ ጠርዝ ቢያንስ አምስት ሴንቲ ሜትር የራቀ ሲሆን፤ አራተኛ፥ ከውስጥ በኩል በጥፍር ሲዳሰስ ለስላሳ ሆኖ ሲገኝ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ የሚደረገው ገና ጠጠሩ እንደ መታ ነው። አቧራና ውኃ እንዳይገባበት ንጹሕ ግልጽ ፕላስተር ይለጠፍበታል፤ በሳሙናም አይታጠብም። ከዚያም መኪናው በጥላ ሥር ይቁም። በስሜን ከፍታ የፀሓይ ጨረር ብርቱ ስለ ሆነ፥ ሥራውን በፀሓይ ላይ የጀመረ ሰው ሙጫው ወደ ስንጥቁ ጫፍ ሳይደርስ ይደርቅበታል። በክረምት ደግሞ ቍስሉ ውስጥ እርጥበት ስለማይጠፋ፥ መኪናው በመጠለያ ውስጥ አድሮ ፈጽሞ እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው። መስታወቱ ለእጅ የማይቀዘቅዝ፥ የማያቃጥልም መሆን አለበት።

ቀጥሎ የላላውን የመስታወት ብናኝ በመርፌ ጫፍ በቀስታ ማንሣት ነው፤ መቈፈር ግን አይገባም። መሣሪያው በቍስሉ አናት ላይ ተተክሎ አየሩን ሲስብ፥ ተመልሶም ሙጫውን ሲገፋ፥ ጥቁሩ መልክ ቀስ በቀስ ይጠፋል። ይህ እስኪሆን መታገሥ ነው፤ በዚህ ሥራ የብዙ ሰው ጥፋት ችኮላ ነው። ጥቁሩ ከጠፋ በኋላ መሣሪያው ተነሥቶ በቍስሉ ላይ ትንሽ ግልጽ ፕላስቲክ ይደረግና መኪናው ወደ ፀሓይ ይወጣል፤ ደመና ካለ ጊዜው ይረዝማል። ሲጸና ትርፉ በምላጭ ይፋቃል።

በዚህ ላይ አጥብቀን የምናሳስበው ነገር አለ። የተለመደውን ፈጣን ኮላ ወይም የጥፍር ቀለም በቍስሉ ላይ የሚያፈስ ሰው ስንጥቁን አይጠግንም፤ ላዩን ብቻ ይደፍነዋል። ከዚያ በኋላ ወደ ባለ ሙያ ቢሄድ ባለ ሙያው የደረቀውን ኮላ ከስንጥቁ ሊያወጣው አይችልም። የመስታወት ጥገና የሚሠራው አንድ ጊዜ ነውና፥ የተጠራጠረ ሰው እጁን ሰብስቦ ቍስሉን በፕላስተር ሸፍኖ ወደሚያውቀው ቢወስደው ይሻለዋል።

ለባለ ሙያ የሚተወው

ቍስሉ በአሽከርካሪው ዐይን ፊት ለፊት ከሆነ፥ ወደ ጠርዝ ከተጠጋ፥ ብዙ ጨረር እንዳለው ኮከብ ከተበተነ ወይም ስንጥቁ መሄድ ከጀመረ ሥራው የባለ ሙያ ነው። የውስጡ መስታወት ከተሰነጠቀ፥ ወይም በመካከል ያለው ፕላስቲክ ከተጎዳ፥ ባለ ሙያውም ቢሆን መለወጥ እንጂ መጠገን የለበትም። በደባርቅና በዳባት ላለ ሰው ቅርቡ ትልቅ ከተማ ጎንደር ነው፤ ከደባርቅ እስከ ጎንደርም መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ቍስሉ ገና ትንሽ ሳለ ለሌላ ጕዳይ ወደ ጎንደር በሚወርዱበት ቀን ማሠራት ጉዞንም ገንዘብንም ያድናል።

መስታወቱ የሚለወጥ ከሆነ ባለ ሙያውን ሁለት ነገር ጠይቁት። በመጀመሪያ፥ የሚተካው መስታወት ባለ ሁለት ገበታ መሆኑን በምልክቱ እንዲያሳያችሁ፤ ሁለተኛም፥ ማጣበቂያው እስኪጸና መኪናው ስንት ሰዓት መቆም እንዳለበት። በዛሬዎቹ መኪኖች መስታወቱ በማጣበቂያ ከአካሉ ጋር ስለሚተሳሰር፥ መኪናው ቢገለበጥ ጣራውን ይደግፋል፤ ተሳፋሪውም ወደ ውጭ እንዳይወረወር ይከላከላል። ማጣበቂያው ሳይጸና ወደ ሊማሊሞ የሚወርድ ሰው በመስታወት ተጋርዷል እንጂ አልተጠበቀም። በብርድ አገር ማጣበቂያው የሚጸናው ቀስ ብሎ መሆኑንም መዘንጋት አይገባም።

ስለ ወጪና ስለ ኅሊና

አንድ ሚኒባስ የቤተሰብ ሁሉ እንጀራ በሆነበት ቤት፥ መኪናው አንድ ቀን ሲቆም ምን ያህል እንደሚጎዳ እናውቃለን። ባለቤቱ «ዛሬ ልሥራበት፥ ለነገ እደርስበታለሁ» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ጌታችን ግንብ ሊሠራ ስለ ወደደው ሰው ባስተማረው ምሳሌ እንደምንረዳው፥ አስተዋይ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቈጥራል። ትንሿን ቍስል በጊዜ ማስጠገን የሚጠይቀው ገንዘብ ሙሉውን መስታወት ከመለወጥ እጅግ ያነሰ ነው፤ የጠፋ ሕይወት ግን በምንም ገንዘብ አይተካም።

በመጨረሻም ለክርስቲያን አሽከርካሪዎች አንድ ነገር በፍቅር እናሳስባለን። ብዙዎች የእመቤታችንን ወይም የቅዱስ ጊዮርጊስን ሥዕል በፊት መስታወታቸው ላይ ይለጥፋሉ፤ ከእምነት የመነጨ መልካም ሐሳብ ነው። ሆኖም ሥዕሉን ስንጥቅ ለመሸፈን ወይም ከተቈጣጣሪ ዐይን ለመሰወር መለጠፍ ለሥዕሉ ክብር አይስማማም፤ ተሳፋሪውንም ማታለል ነው። ሥዕሉ የማየትን ቦታ በማይጋርድበት ስፍራ በክብር ይቀመጥ፤ ስንጥቁም ይጠገን። የቅዱሳንን ጥበቃ የሚለምን ሰው በእጁ ያለውን ጥንቃቄ አይተውም። መኪናውን የሚሸጥም ቢሆን በመስታወቱ ላይ ያለውን ጉድለት ለገዢው ሳይሰውር ይንገረው።

እንግዲህ የቤተሰብ አባቶችና እናቶች፥ ነገ ማለዳ ልጆቻችሁን ወደ መኪናው ከማስገባታችሁ በፊት የፊት መስታወቱን በጨርቅ ወልውላችሁ በብርሃን ተመልከቱት። ቍስል ካገኛችሁበት ሸፍኑት፤ መጠኑንና ቦታውን መርምሩ፤ የምትችሉትን ሥሩ፥ የማትችሉትን ለሚያውቅ ስጡ። እግዚአብሔር መውጣታችሁንና መግባታችሁን ይባርክ፤ አሜን።