ፋዘም፦ በሁለት እጅ ዝርጋታ የተለካ ባሕር

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27፣ ጳውሎስን ወደ ሮም የሚወስደው መርከብ በማዕበል ሲንገላታ ሰንብቶ፣ በ14ኛው ሌሊት መርከበኞቹ ወደ የብስ የቀረቡ መሰላቸው። የመለኪያ ገመድ ቢጥሉ 20 ሆነ። ጥቂት አለፍ ብለው ቢደግሙት 15 ሆነ። በሜትር ከ37 ወደ 27 ገደማ ወርዷል ማለት ነው። ከዓለት ጋር እንዳይላተሙ ፈርተው ከመርከቡ በስተኋላ 4 መልሕቅ ጣሉ።

ያ ልክ በግሪክኛ ኦርጉያ፣ በእንግሊዝኛ ፋዘም ይባላል። ሰው ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ዓረቦችም ይህንኑ ልክ ባዕ ይሉታል፤ የባሕረ ሰላጤው ዕንቁ ጠላቂዎች ጥልቀትን የሚቆጥሩት በእርሱ ነበር።

ልኩ ከሰው ገላ የተወሰደው ያለ ምክንያት አይደለም። አሣ አጥማጅ ገመዱን ከውኃ ሲስብ እጁን በዘረጋ ቁጥር አንድ ይላል። በጨለማ፣ በዝናብ፣ በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ሌላ መለኪያ አያስፈልገውም። የሁሉም ሰው እጅ ግን እኩል አይደለም። በድሮዋ እንግሊዝ የጦር መርከብ ፋዘም 6 ጫማ፣ የንግድ መርከብ 5 ጫማ ተኩል፣ የአሣ አጥማጆች ደግሞ 5 ጫማ እንደነበረ የዘመኑ መዛግብተ ቃላት ይናገራሉ። ዛሬ 6 ጫማ፣ ማለትም 1.8288 ሜትር ሆኖ ጸንቷል።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ የመለኪያው ገመድ አሠራር ነው። ጫፉ ላይ ከባድ እርሳስ ይታሰራል። በ2 ፋዘም ላይ ሁለት የቆዳ ጠፍር፣ በ3 ላይ ሦስት፣ በ5 ነጭ ጨርቅ፣ በ7 ቀይ ጨርቅ፣ በ10 ደግሞ የተበሳ ቆዳ ይደረጋል። ጨርቆቹ የተለያየ ዓይነት ስለሆኑ መርከበኛው በሌሊት በጣቱ፣ ጣቱ በብርድ ከደነዘዘም በከንፈሩ ዳስሶ ይለያቸዋል። ከእርሳሱ ሥር ባለው ጎድጓዳ ውስጥ ሞራ ይጠቀጠቃል። ሞራው ከባሕሩ ወለል አሸዋ፣ ጭቃ ወይም የዛጎል ስባሪ ይዞ ይወጣል። ስለዚህ አንድ ውርወራ ሁለት ነገር ይነግራል፤ ውኃው ምን ያህል እንደሚጠልቅና ወለሉ መልሕቅ ይይዝ እንደሆነ። የባሕሩን ወለል የሚያውቅ ካፒቴን በጭጋግ ውስጥ እንኳ የት እንዳለ ከሞራው ይረዳ ነበር።

በአሜሪካው ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ገመድ ጣዩ የ2 ፋዘም ምልክት ላይ ሲደርስ «ማርክ ትዌይን» ብሎ ይጮህ ነበር። 12 ጫማ ውኃ አለ፣ የእንፋሎት ጀልባው በሰላም ያልፋል ማለት ነው። በዚያ ወንዝ ጀልባ ይመራ የነበረው ሳሙኤል ክሌመንስ በ1863 እ.ኤ.አ. ይህን ጥሪ የብዕር ስሙ አደረገው።

ቃሉ ከባሕርም ወጥቷል። በእንግሊዝ የኮርንዎል ማዕድን ማውጫዎች የጉድጓዱ ደረጃዎች የሚጠሩት በፋዘም ቁጥራቸው ነበር። እንጨት ነጋዴዎችም በየጎኑ 6 ጫማ የሆነ ክምር አንድ ፋዘም ይሉ ነበር። በጥንቱ እንግሊዝኛ ቃሉ ማቀፍ ማለትም ነበር፤ ኋላ ጥልቀትን መለካት፣ ከዚያም የረቀቀን ነገር መርምሮ መረዳት ሆነ።

ዛሬ ጥልቀትን የሚለካው የድምፅ ሞገድ ነው፤ ብሪታንያም ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የባሕር ካርታዎቿን ወደ ሜትር ቀይራለች። ቢሆንም በፋዘም የተሠራ ካርታ የሚገጥመው ሰው አስቀድሞ ከርእሱ ሥር የተጻፈውን መለኪያ ማየት አለበት። 3 ሜትርና 3 ፋዘም በሁለት ሜትር ተኩል ገደማ ይለያያሉ። 4 ሜትር ወደ ውኃ የሚጠልቅ መርከብ በአንደኛው ያልፋል፣ በሌላኛው ከወለሉ ጋር ይላተማል።

ፋዘም ሙሉ በሙሉ ያልጠፋበት አንድ ቦታ የመልሕቅ ሰንሰለት ነው። በዓለም መርከቦች ላይ የሚሠሩ ኢትዮጵያውያን መርከበኞችም ያገኙታል። ሰንሰለቱ የሚቆጠረው በሻክል ሲሆን አንዱ ሻክል 15 ፋዘም ነው። 5 ሻክል ወርዷል ከተባለ 75 ፋዘም፣ ማለትም 137 ሜትር ያህል ሰንሰለት ከመርከቡ ወጥቷል።