የጨው ፍሬ ለምን ኩብ ሆነች?

ትንሽ የገበታ ጨው ጥቁር ወረቀት ላይ ነስንሱና በአጉሊ መነጽር እዩት። አብዛኛው ፍሬ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ጥጉ 90 ዲግሪ የሆነ ኩብ ነው። ማንም አልጠረበውም። ቅርጹ የመጣው ከውስጡ አሰላለፍ ነው።

ሶዲየም አንድ ኤሌክትሮን ለክሎሪን ሲሰጥ ሁለቱም አዮን ይሆናሉ፤ ሶዲየሙ ፖዘቲቭ፣ ክሎራይዱ ኔጋቲቭ። ተቃራኒ ይሳሳባል፣ ተመሳሳይ ይገፋፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሶዲየም ከላይ፣ ከታች፣ ከግራ፣ ከቀኝ፣ ከፊትና ከኋላ በስድስት ክሎራይዶች ይከበባል፤ እያንዳንዱ ክሎራይድም እንዲሁ በስድስት ሶዲየሞች። የዳማ ሰሌዳ ጥቁርና ነጩ እየተፈራረቀ ወደ ጎን ብቻ ሳይሆን ወደ ላይም ሲቀጥል አስቡት። ከአንዱ እስከ ጎረቤቱ ያለው ርቀት 0.28 ናኖሜትር ገደማ ነው። ጎኗ 0.3 ሚሊሜትር በሆነች ፍሬ አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ አንድ ሚሊዮን ያህል አዮኖች ተሰልፈዋል ማለት ነው!

እንግዲህ የትኛው ክሎራይድ የየትኛው ሶዲየም ነው? የማንም አይደለም። ጥንድ ጥንድ ሆኖ የተቀመጠ ነገር የለም። የጨው ኬሚካላዊ ቀመር (NaCl) የሚነግረን ብዛታቸው እኩል መሆኑን ብቻ ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው።

ይህ የታወቀው በኤክስሬይ ነው። በ1912 እ.ኤ.አ. ማክስ ፎን ላወና ባልደረቦቹ ጀርመን ውስጥ ኤክስሬይ በክሪስታል ሲያልፍ ሥርዓት ያላቸው ነጠብጣቦች እንደሚሠራ አሳዩ። በዓመቱ ወጣቱ ሎረንስ ብራግ ከነጠብጣቦቹ ተነሥቶ የጨውን አደራደር ፈታ፤ በ25 ዓመቱም ከአባቱ ጋር ኖቤል ተሸለመ። ሁሉም ግን አልተቀበለውም። እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ አርምስትሮንግ በ1927 እንኳ «ኔቸር» መጽሔት ላይ በቁጣ ተቃውሞታል።

አሰላለፉ የጨውን ጠባይም ያስረዳል። ጨው በመዶሻ ሲመታ እንደ ብረት አይተጣጠፍም። አንዱ ንብር ትንሽ ሲንሸራተት ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጋቲቭ ከኔጋቲቭ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ይገፋፋሉ፣ ጨውም ለጥ ባለ ገጽ ይሰነጠቃል። የአፋሩ አሞሌ ቅርጹን ያገኘው ከሰው እጅ ነው፤ ክሪስታሎቹ ግን ይህንኑ ሥርዓት የያዙ ናቸው።

ኬሚስትሪ የምታስተምሩ ወዳጆቼ፣ ስለ ጠጣር ጨው ስታስረዱ «የጨው ሞለኪውል» ማለቱን ተዉት። ተማሪዎቻችሁ ለብ ባለ ውኃ ብዙ ጨው አሟሙተው ሳይነካኩት ጥቂት ቀን ሳህን ላይ ያቆዩት፤ ኩቦቹ ሲያድጉ በዓይናቸው ያያሉ።